የትኬቷ ቁጥር፦ 1,000,692ን በእስክሪብቶ መፍታት

ከደሴ ወደ ባቲ ሰኞ ገበያ ስወርድ ረዳቱ የቆረጠልኝ ትኬት ላይ 1000692 ይላል። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናል፣ ቁጥር ካየ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። "አጎቴ፣ ይሄ በስንት በስንት ይካፈላል?" አለኝ። ስልኬን ላወጣ ስል "በእጅህ ነው እንጂ!" አለ። በቃ፣ የትኬቷን ጀርባ ገልብጬ የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድን፣ መኪናው በየመታጠፊያው እስክሪብቶዬን እያንሸራተተው፣ ስሠራ ኮምቦልቻ ደረስን። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትኩ፣ ያውም ሰው ፊት። ስህተቷ ቦታዋ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ እስክሪብቶ፣ ወረቀት እና የማባዣ ሰንጠረዥ ነው። ትንንሾቹን ብቸኛ ቁጥሮችም ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፏቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31። ብቸኛ ቁጥር፣ ልጆቹ ፕራይም የሚሉት፣ ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ የማይካፈል ነው። አብሽሩ፣ ከዚህ በላይ ሒሳብ አይጠየቅም።

1. ቁጥሩን ከፋፍላችሁ ጻፉት

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። 1000692 ተብሎ የተደረደረ ቁጥር ዓይን ያታልላል፣ ዜሮዎቹ ሦስት ይሁኑ አራት ይምታታል። ከቀኝ ተነስታችሁ በየሦስት አሃዙ ኮማ አስገቡ፦ 1,000,692። አንድ ሚሊዮን ከስድስት መቶ ዘጠና ሁለት። እነዚህ ሦስት ሦስት አሃዞች በኋላ ስለሚያስፈልጉን እንዳትበትኗቸው።

በግዕዝ ቁጥር ልጻፈው ያለ ሰው ግን ሦስት ሦስቱን ይርሳ። ግዕዝ የሚሄደው ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረገ ነው፣ መጀመሪያ በመቶ (፻)፣ ቀጥሎ በእልፍ (፼)። ከቀኝ ስትከፍሉት 92፣ 06፣ 00፣ 1 ይሆናል። 92 ፺፪ ነው። 06 ስድስት መቶ ስለሆነ ፮፻ ትላላችሁ። 00ው ይዘለላል፣ ግዕዝ ዜሮ የለውማ። የቀረው 1 መቶ እልፍ ነው፣ ፻፼። ሲገጠም ፻፼፮፻፺፪ ይሆናል። ሰባት አሃዝ በስድስት ምልክት አለቀ። እኛው አገር ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሳሰሉ የድሮ ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት ቁጥር የሚጽፉት በዚህ መንገድ ነው።

2. ጅራቱን እዩ

የመጨረሻዋ አሃዝ 2 ናት። ስለዚህ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው። 0 ወይም 5 ስላልሆነች በ5ም በ10ም አይካፈልም። ከዚህችው ከ2 አንድ ነገር በነፃ ታገኛላችሁ፦ የሙሉ ቁጥር ስኩዌር መጨረሻው 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይም 9 ብቻ ነው። 2 ላይ የሚያልቅ ስኩዌር የለም። ቁጥራችን ስኩዌር አይደለም ማለት ነው፣ ምንም ሳናካፍል አወቅን። (ካላመናችሁ፦ 1000 በራሱ ሲባዛ 1,000,000፣ 1001 በራሱ ሲባዛ 1,002,001። የእኛው መሃላቸው ነው የወደቀው።)

ለ4 የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ውሰዱ፣ 92። 92 ለ4 ሲካፈል 23፣ ቀሪ የለውም። 100 ራሱ በ4 ስለሚካፈል ከመቶ በላይ ያለው አያሳስባችሁም። ለ8 ደግሞ ሦስቱን፣ 692። 8 ጊዜ 86 688 ነው፣ 4 ይተርፋል። በ8 አይካፈልም።

"በ4 ይካፈላል፣ በ8 አይካፈልም" የምትለዋ ነገር ተራ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። ፈራኢድ የቀራ አንድ ጓደኛ አለኝ። የእስልምና ውርስ ክፍፍል ላይ የሚመጡት ድርሻዎች ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶ እና አንድ ስድስተኛ ናቸው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሊይዝ የሚችለው ትንሹ ቁጥር 24 ነው። ይሄ ሰው ብር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "በ24 ይሄዳል?" ብሎ ነው። 1,000,692 ብር ቢሆንስ? በ8 ስለማይሄድ በ24ም አይሄድም፣ ለ24 ስታካፍሉት 12 ይተርፋል። ልጆች ያሉት ሟች ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወርሳለች፤ ድርሻዋ 125,086 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሳንቲሟ የመጣችው ከዚያች ቀሪ ነው። ዛሬ 50 ሳንቲም ማን ይመልሳል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

3. አሃዞቹን ደምሩ

1+0+0+0+6+9+2 = 18። 18 በ3ም በ9ም ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል። ለምን ይሠራል? 10 ማለት 9 ሲደመር 1 ነው፣ 100 ደግሞ 99 ሲደመር 1፣ 1000 999 ሲደመር 1። ዘጠኞቹን ጣል አድርጉና ከእያንዳንዱ ቤት የሚተርፈው አሃዙ ራሱ ነው። ልጁ ይሄን ክፍል ውስጥ በቃሉ ነበር የያዘው፣ ምክንያቱን ሲሰማ "ታዲያ እንዲህ አይሉንም!" ብሎ ተናደደ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስም እንለጥፍበት። ቁጥር በራሱ አሃዞች ድምር ሲካፈል ሐርሻድ ይባላል። ስሙን ያወጣው ካፕሬካር የሚባል ህንዳዊ የትምህርት ቤት መምህር ነው፣ በሳንስክሪት ደስታ ሰጪ እንደማለት ነው። የእኛው በ18 ይካፈላል? ተጋማሽ ነው፣ በ9 ይካፈላል፣ እንግዲህ በ18ም ይካፈላል። 55,594 ይደርሳል። ሐርሻድ ነው።

4. የ1001 ዘዴ

ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። 7 ጊዜ 11 ጊዜ 13 ስንት ነው? 1001። ይቺን ካወቃችሁ የ7፣ የ11 እና የ13 ምርመራ በአንድ ጊዜ ያልቃል። ቅድም በኮማ የከፈልናቸውን ቡድኖች ከቀኝ ጀምራችሁ አንዴ ደምሩ፣ አንዴ ቀንሱ፣ አንዴ ደምሩ፦

692 − 000 + 1 = 693

አሁን ሚሊዮኑን ተዉት፣ ሥራችሁ ከ693 ጋር ነው። 693 ለ7 ሲካፈል 99። ለ11 ሲካፈል 63። ለ13 ስታካፍሉ 13 ጊዜ 53 689 ነው፣ 4 ይተርፋል። ስለዚህ ትልቁም ቁጥር በ7 እና በ11 ይካፈላል፣ በ13 አይካፈልም። ምክንያቱ ከ9ኙ ጋር ወንድም ነው፦ 1000 ማለት 1001 ሲቀነስ 1 ነው፣ ለዚያ ነው ቡድኖቹ በየተራ የሚደመሩትና የሚቀነሱት። መምህራን ለ7 የሚያስተምሩት "የመጨረሻዋን አሃዝ በሁለት አባዝተህ ቀንስ" የሚለው ዘዴ ስህተት የለውም፣ ግን ለረጅም ቁጥር ያሰለቻል።

በ7 መካፈሉ ደግሞ ገበያ ላይ ትርጉም አለው። ዛሬ ሰኞ ከሆነ ከ1,000,692 ቀን በኋላም ሰኞ ነው። ልክ 142,956 ሳምንት። ከ2,739 ዓመት በላይ ይፈጃል እንጂ ቀኑ የባቲ ገበያ ቀን ነው።

5. አውርዱት (ስህተቷ እዚህ ናት)

እስካሁን ያገኘናቸውን አንድ በአንድ አካፍለን እንጣላቸው፦

1,000,692 ÷ 4 = 250,173
250,173 ÷ 9 = 27,797
27,797 ÷ 7 = 3,971
3,971 ÷ 11 = 361

361 ቀረ። በ2 አይሄድም፣ በ3 አይሄድም፣ በ5 አይሄድም። 7ን ሞከርኩ፣ 4 ተረፈ። 11ን ሞከርኩ፣ 9 ተረፈ። 13ን ሞከርኩ፣ 10 ተረፈ። ኮምቦልቻ ልንገባ ነው፣ ደክሞኛል፣ ቁጥሩም መልኩ ብቸኛ ብቸኛ ይላል። "በቃ፣ ይሄ ብቸኛ ነው" አልኩት ልጁን፣ ትንሽም ኮራ ብዬ።

ከኋላ ወንበር ነጭ የጠመጠሙ አንድ የኔታ ነበሩ። ለካ ሲያዳምጡን ኖሯል። ወደ ፊት ጠጋ ብለው "ልጄ፣ 361 እኮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ነው" አሉኝ። ቆጠርኩ። ነው። ልጁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞረ። "የኔታ፣ እንዴት በቃልዎ ያዙት?" ብላቸው "ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው 19ን ይረሳል እንዴ?" አሉኝ።

ስለዚህ ደንቡን ጻፉት፣ ብትችሉ በቀይ። አንድ ቁጥር ብቸኛ ነው ለማለት ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ ትሞክራላችሁ፤ የምታቆሙት ሲደክማችሁ አይደለም፣ የምትሞክሩት ቁጥር በራሱ ሲባዛ ከሚመረመረው ቁጥር ሲበልጥ ነው። 13 በራሱ 169 ነው፣ ከ361 ያንሳል፣ ማቆም አልነበረብኝም። 17 በራሱ 289፣ አሁንም ያንሳል። 19 በራሱ 361፣ እኩል መጣ። ከዚያ በላይ መሄድ የማያስፈልገው አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚመጡ ነው፦ አንዱ ከስኩዌር ሩቱ ቢበልጥ ጓደኛው ያንሳል፣ ያነሰውን ደግሞ ቀድማችሁ ታገኙት ነበር።

ለ19 ራሱን የቻለ ቀላል መፈተኛም አለ። የመጨረሻዋን አሃዝ ቁረጡ፣ እጥፍ አድርጉ፣ በቀረው ላይ ደምሩ፣ ድገሙት። ከመጀመሪያው ቁጥር ብንነሳ፦

100069 + 4 = 100073
10007 + 6 = 10013
1001 + 6 = 1007
100 + 14 = 114
11 + 8 = 19

19 ላይ ወረደ፣ ይካፈላል። ይቺን ቀድሜ አውቃት ቢሆን ኖሮ የኔታ ፊት አላፍርም ነበር።

ሙሉው መልስ እንግዲህ ይሄ ነው፦ 1,000,692 = 2 × 2 × 3 × 3 × 7 × 11 × 19 × 19። ማንም ሰው በየትኛውም መንገድ ቢጀምር የሚደርሰው እዚሁ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ይለያይ እንጂ ሌላ ዝርዝር አይወጣም። አባዙትና አረጋግጡ።

የኔታ የተናገሩትን ግን ሳልጨርስ አላልፍም፣ ምክንያቱም እስከ ባቲ ያወራነው እሱን ነበር። (እሳቸውም ወደ ገበያው ነበሩ።) ባሕረ ሐሳብ ቤተ ክርስቲያን በዓላትን የምታወጣበት የዘመን ቀመር ነው። እዚያ ውስጥ 19 የጨረቃ ዙር ነው፣ ንዑስ ቀመር የሚሉት። 28 የፀሐይ ዙር ነው፣ 7ቱ የሳምንት ቀናት በ4ቱ ወንጌላውያን ዓመታት ተባዝተው። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሁለቱም አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ19 × 28 = 532 ዓመት ነው፣ ዐቢይ ቀመር። እኛ ትምህርት ቤት ትንሹ የጋራ ብዜት ብለን በደረቁ የተማርነውን ሊቃውንቱ በዓል ሲያወጡበት ኖረዋል። 2018 ዓ.ም.ን ምሳሌ አድርገው አሳዩኝ፦ ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ደምሩ፣ 7518። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፣ ይሄ ወንበር የሚሉት ቁጥር ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12፣ አበቅቴው (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በልጦ የሚጠራቀመው ቀን) 12 ሆነ። ስልክ የለም፣ ወረቀት የለም።

ትኬቷን መልሼ ሳያት 4ም፣ 7ም፣ 19ም አሉባት። 532 ውስጧ ተቀምጧል፦ 532 × 1,881። ለካ ባሕረ ሐሳብ ይዤ ነው የተሳፈርኩት።

6. አካፋዮቹን ቁጠሩ

አንድ በአንድ መዘርዘር አያስፈልግም። ማንኛውም የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሠራው ከዚያ ዝርዝር መርጦ በማባዛት ነው። ከ2ቶቹ ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት መውሰድ ትችላላችሁ፣ ሦስት ምርጫ። ከ3ቶቹም ሦስት። 7ን መውሰድ ወይም መተው፣ ሁለት። 11ም ሁለት። ከ19ኞቹ ሦስት። 3 × 3 × 2 × 2 × 3 = 108። መቶ ስምንት አካፋይ! አጭሯ መንገድ፦ እያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠሩ፣ አንድ አንድ ጨምሩ፣ አባዙ።

እዚሁ አካባቢ ካለው 1,000,003 ጋር አስተያዩት። እሱ ከሚሊዮን በላይ የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ያለው 2 አካፋይ ብቻ። ብቸኛ መሆኑን በእጅ ለማረጋገጥ እስከ 1000 ያሉትን 168 ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ይጠይቃል። በቁመት ጎረቤት የሆኑ ሁለት ቁጥሮች በጠባይ እንዲህ ይራራቃሉ። ይሄ የመፍታት ችግር ጥቅምም አለው፦ ኢንተርኔት ላይ መልእክት ከሚቆልፉት ዘዴዎች አንዱ፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ሪቨስት፣ ሻሚር እና አድልማን የሠሩት፣ የቆመው ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ መልሶ መለየት ግን ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። እዚያ የሚሠራበት ቁጥር 617 አሃዝ ሊኖረው ይችላል። የእኛው ሰባት አሃዝ ብቻ ሆኖ ሐረጎን አስጨርሶናል።

7. ትርፍ ነው ጎደሎ?

የጥንት ግሪኮች ቁጥርን የሚመድቡት አካፋዮቹን (ራሱን ሳይጨምሩ) ደምረው ነበር። ድምሩ ከራሱ ካነሰ ጎደሎ፣ እኩል ከሆነ ፍጹም፣ ከበለጠ ትርፍ። ፍጹሞቹ ብርቅ ናቸው፦ 6፣ 28፣ 496፣ 8128 እያለ ይሄዳል። 28ን አያችሁት? የፀሐይ ዙሩ ፍጹም ቁጥር ነው።

የ108ቱን አካፋዮች ድምር ለማግኘት በየቡድኑ ደምራችሁ ታባዛላችሁ፦

ከ2ቶቹ፦ 1 + 2 + 4 = 7
ከ3ቶቹ፦ 1 + 3 + 9 = 13
ከ7፦ 1 + 7 = 8
ከ11፦ 1 + 11 = 12
ከ19ኞቹ፦ 1 + 19 + 361 = 381

7 × 13 × 8 × 12 × 381 = 3,328,416። ራሱን 1,000,692 ቀንሱ፣ 2,327,724 ይቀራል። ከራሱ እጥፍም ይበልጣል፣ ትርፍ ነው፣ ያውም የተትረፈረፈ። መደቡን ብቻ ማወቅ ለሚፈልግ ግን ይሄ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፦ የፍጹም ቁጥር ብዜት የሆነ (ራሱ ፍጹሙን ሳይጨምር) ሁሌም ትርፍ ነው፣ የእኛው ደግሞ በ28 ይካፈላል። አለቀ።

8. የቀሩት ቶሎ ቶሎ

ስኩዌር ለማድረግ በስንት ይባዛ? ጥንድ የሌላቸው 7 እና 11 ናቸው፣ ስለዚህ ትንሹ 77 ነው። ጥንዶቹን ብቻ ብታወጡ 2 × 3 × 19 = 114፤ ቁጥሩ 114 በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ77 የተባዛ ነው። 114 የቁርአን ሱራዎች ብዛት ነው ብሎ ልጁ ደንግጦ አየኝ። ኧረ በፍጹም፣ ትኬት ቆራጩ ምሥጢር አልቋጠረባትም። 108 አካፋይ ያለው ቁጥር ውስጥ የፈለጋችሁትን ፈልጋችሁ ብታገኙ አይገርምም።

የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ መጻፍ ይችላል? አይችልም። ለ4 ሲካፈል 3 የሚያስተርፍ ብቸኛ ቁጥር ተጋማሽ ላልሆነ ጊዜ (1፣ 3፣ 5 ጊዜ) ከመጣ ነገሩ ይበላሻል፣ 7 እዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው።

ከ1,000,692 በታች ካሉት ስንቶቹ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም? ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር አንድ እጅ እየቀነሳችሁ ውረዱ። ግማሹን ጣሉ፣ 500,346። ከቀረው ሲሶውን፣ 333,564። አንድ ሰባተኛውን፣ 285,912። አንድ አሥራ አንደኛውን፣ 259,920። አንድ አሥራ ዘጠነኛውን፣ 246,240። መልሱ ይሄ የመጨረሻው ነው። በየደረጃው ቁጥሩ ያለምንም ቀሪ ካልተካፈለ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል፣ ተመለሱ።

አሁን የእናንተ ተራ። ትኬቷ ላይ 532 ብትደምሩ 1,001,224 ይመጣል። የ1001ን ዘዴ ስትሠሩ 224 ታገኛላችሁ፤ 8፣ 7 እና 19 ከወጡ በኋላ 941 ይቀራችኋል። እዚህ ላይ እንደኔ አትቸኩሉ። 31 በራሱ 961 ስለሆነ እስከ 29 ሞክሩ። አንዱም ካልሄደ ያኔ ብቸኛ ነው በሉ፣ አካፋዮቹም 32 ሊሆኑላችሁ ይገባል።